ከስቴንቱ በፊት የግፊቱን ዒላማ ጠይቁ

ሰላም እህቴ። ሌሎችም እንዲከታተሉ ጥያቄሽን ባጭሩ ልድገመው። አባትሽ 68 ዓመታቸው ነው፣ የሚታከሙት ሜሪላንድ ነው። ሁለቱም ዓይናቸው ላይ ሞራ አለ፤ ለግላኮማው፣ ማለትም የዓይን ግፊት የዕይታ ነርቭን ለሚጎዳበት በሽታ፣ ላታኖፕሮስትና ቲሞሎል የሚባሉ ጠብታዎች ይጨምራሉ፣ የዓይን ግፊታቸው በጠብታ 19 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ነው። ሐኪሙ «ሞራውን ሳወጣ ትንሽ ስቴንት አብሬ ላስገባ» ብሏል። ግላኮማውን ያድናል ወይ? ይታመናል ወይ? ነው ያልሽው።

አያድንም። ግላኮማ የጎዳውን የዕይታ ነርቭ የሚመልስ ቀዶ ሕክምና እስካሁን የለም። ስቴንቱ ለዓይን ውሃ መውጫ የሚከፍት በጣም ትንሽ መሣሪያ ነው፤ ግፊት ይቀንሳል፣ ሥራው ይኸው ነው። ስለዚህ ሐኪሙን ከሁሉ አስቀድማችሁ «ለአባታችን ዓይን የግፊቱ ዒላማ ስንት ነው?» በሉት፤ ነርቩ የበለጠ እንዳይጎዳ ግፊቱ ስንት ላይ መውረድ አለበት ማለት ነው። ስቴንቱ ይበቃል ወይስ አይበቃም የሚለው የሚወሰነው በዚያ ቁጥር ነው።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ዓይን ውስጥ በደቂቃ ከ2 እስከ 3 ማይክሮሊትር ውሃ ይመነጫል። ከአይሪሱ (ባለ ቀለሙ የዓይን ክፍል) ጀርባ ተነስቶ በብሌኑ በኩል ወደ ፊት ይመጣል፤ ከዚያ ኮርኒያ (ግልጹ የዓይን የፊት ሽፋን) እና አይሪስ በሚገናኙበት ማዕዘን ላይ ያለውን ወንፊት አልፎ ሽሌም የሚባለው ቀጭን ቦይ ውስጥ ይገባል፤ ከቦዩም ወደ ደም ሥር። በክፍት ማዕዘን ግላኮማ ውሃው በብዛት የሚታገደው ወንፊቱ ላይ ነው። ስቴንቱ ወንፊቱን በስቶ ውሃውን በቀጥታ ወደ ቦዩ ያሳልፋል። ነገር ግን ውሃው መጨረሻ የሚገባበት ደም ሥር የራሱ ግፊት አለው፣ 8 ወይም 10 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ገደማ። የዓይኑ ግፊት ከዚያ በታች ሊወርድ አይችልም። የቦዩና የመውጫዎቹ ጥበት ሲጨመርበት፣ በተግባር ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከ14 እስከ 17 ያለው ነው።

እንግዲህ የአባትሽ ጉዳት ቀላል ወይም መካከለኛ ከሆነና ዒላማቸው 16 አካባቢ ከሆነ የሐኪሙ ሐሳብ ጥሩ ነው፣ እኔም እደግፈዋለሁ። ነርቩ ክፉኛ ከተጎዳ፣ የዕይታ መስካቸው ወደ መሃል ከጠበበና ዒላማው 11 ወይም 12 ከሆነ ግን በዚህ ስቴንት ጊዜ ባይባክን ይሻላል። ለእንዲህ ያለ ዓይን ትራቤኩሌክቶሚ (ለውሃው አዲስ መውጫ የሚከፍት ቀዶ ሕክምና) ወይም ትልቁ የውሃ ማፍሰሻ ቱቦ ነው የሚያዋጣው፤ አደጋቸው ከፍ ቢልም ግፊቱን ዝቅ ያደርጉታል። በመሃል ያለው ዜን የሚባለው የጄላቲን ቱቦ ነው፤ 6 ሚሊሜትር ርዝመት፣ 45 ማይክሮን ቀዳዳ ያለው። ቦዩን ትቶ ውሃውን ከዓይን ነጭ ሽፋን ሥር ስለሚያወጣ የደም ሥሩ ግፊት አያግደውም። ጠባሳ ግን ይደፍነዋል፣ ለዚህም ነው ማይቶማይሲን የሚባል ጠባሳ የሚቀንስ መድኃኒት የሚጨመርለት፣ በኋላም ብዙ ጊዜ በመርፌ መፍታት የሚያስፈልገው።

ጊዜውም ይታሰብበት። አይስቴንት ኢንጀክትና ሃይድረስ የሚባሉት የቦይ ስቴንቶች አሜሪካ ውስጥ የተፈቀዱት ከሞራ ቀዶ ሕክምና ጋር አብረው እንዲገቡ ነው። ሞራው ብቻውን ከወጣ በኋላ «አሁን እሱን አስገባልን» ማለት ይከብዳል፤ ሌሎች መንገዶች ቢኖሩም ምርጫው ይጠባል። ደግሞ ሞራ ማውጣት ራሱ ግፊት እንደሚቀንስ አትርሺ። ሃይድረስ በተፈተነበት ትልቅ ጥናት ከ5 ዓመት በኋላ ስቴንት ከገባላቸው 66 በመቶው ያለ ጠብታ ነበሩ፤ ሞራ ብቻ ከወጣላቸው ደግሞ 46 በመቶው። የስቴንቱ ድርሻ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ነው። ጥሩ ጥቅም ነው፣ ግን «ጠብታ ቀረ» ብላችሁ ቀድማችሁ አትደሰቱ፤ ሦስት ሰው ቢሠራ አንዱ ጠብታው ላይ ይቆያል።

ስለ አሠራሩም ልንገርሽ። ሞራው ወጥቶ ሰው ሠራሹ ሌንስ ከገባ በኋላ ሐኪሙ የአባትሽን ጭንቅላት ከራሱ ወዲያ ማዶ ያዞረዋል፣ ማይክሮስኮፑንም ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ያዘነብለዋል። ኮርኒያው ላይ የማዕዘን መመልከቻ ሌንስ ያስቀምጣል። እዚህ ላይ እጁ ትንሽ ከተጫነ ኮርኒያው ይጨማደድና ምንም አይታይም። ዓይኑን የሚሞላው ጄል ሲያንስ ማዕዘኑ ይዘጋል፤ ሲበዛ ደግሞ ቦዩ ይጨፈለቅና የቦዩን ቦታ የሚጠቁመው ቀጭን የደም መስመር ይጠፋል። አይስቴንት ኢንጀክት ከግማሽ ሚሊሜትር በታች የሆኑ ሁለት የታይታኒየም ስቴንቶች ነው፤ ሃይድረስ ደግሞ 8 ሚሊሜትር የሆነ ጠማማ ክፈፍ ነው፣ ቦዩን በዙሪያው ሩብ ያህል ከፍቶ ይይዘዋል። የስቴንት ሥራው ራሱ ጥቂት ደቂቃ ነው፣ በጠብታ ማደንዘዣ።

የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ በአቀማመጥ ነው። ስቴንቱ በጣም ከጠለቀ አፉ ሥጋው ውስጥ ይቀበራል። ወደ አይሪሱ ከቀረበ አይሪሱ ይደፍነዋል። እኛ ኢትዮጵያውያን ላይ ልብ የሚባል አንድ ነገር አለ፤ ሱዶኤክስፎሊዬሽን የሚባለው፣ ሌንስና ብሌን ላይ እንደ ነጭ ብናኝ የሚታየው ችግር ብዙ ነው። በዚህ ዓይን ከወንፊቱ በላይ ሌላ ጥቁር የቀለም መስመር ስለሚኖር፣ ያልለመደ ሐኪም እሱን ወንፊት ብሎ ከፍ አድርጎ ሊተክል ይችላል። ሌንሱን የያዙት ክሮችም ስለሚላሉ የሞራው ሥራ ራሱ ጥንቃቄ ይፈልጋል። አባትሽ ይህ እንዳለባቸው ጠይቂ። ማዕዘናቸው ክፍት መሆኑም በጎኒዮስኮፒ (ማዕዘኑን በልዩ ሌንስ በማየት) መታየት አለበት፤ ያለዚያ ምርመራ ስቴንት የሚያቅድ ሐኪም ካለ ሌላ አስተያየት ፈልጉ።

የአምስት ዓመት ክትትል ለምን እንደሚያስፈልግ የሚያሳይ ነገርም አለ። ሳይፓስ የሚባለው ስቴንት በ2016 ተፈቅዶ በ2018 ከገበያ ወጣ። የሁለት ዓመቱ ውጤት ጥሩ ነበር፤ በአምስተኛው ዓመት ግን የኮርኒያን ውስጠኛ ሴሎች እንደሚቀንስ ታየ። የተተከለበት ቦታ ከዛሬዎቹ የተለየ ነው፣ ቢሆንም የኮርኒያ ሴሎቻቸውን ቁጥር ከቀዶ ሕክምናው በፊት እንዲለኩላቸው መጠየቅ ተገቢ ነው።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ትንሽ ደም ዓይን ውስጥ ሊታይና ዕይታቸው ሊደበዝዝ ይችላል፤ በአብዛኛው በሳምንት ውስጥ ይጠራል። ከፍ ባለ ትራስ ይተኙ። አስፒሪን ወይም ሌላ ደም ማቅጠኛ የሚወስዱ ከሆነ ሐኪሙ አስቀድሞ ይወቅ፤ በራሳቸው ግን አያቁሙ። ሐኪሙ እስኪፈቅድ ድረስ ስግደት ይቅርባቸው፤ ሙስሊም ከሆኑ ወንበር ላይ ተቀምጠው ይስገዱ፤ ጎንበስ ማለት የዓይንን ግፊት ከፍ ያደርጋል፣ ደምም ይቀሰቅሳል። ጠበልም ቢሆን ቁስሉ እስኪድን ዓይናቸው ውስጥ አይግባ። ይጠጡት፣ ሰውነታቸውን ይጠመቁ፤ ካህኑም ይህን ይረዳሉ። ሕመሙ እየባሰ ከሄደ፣ ዕይታቸው በድንገት ከቀነሰ ወይም ዓይናቸው እየቀላ ከመጣ ቀጠሮ አትጠብቁ፣ በዚያው ቀን ይታዩ።

የግላኮማውን ጠብታ ስቴንቱ ስለገባ ብቻ አያቋርጡ፣ ሐኪሙ በስም ጠርቶ «ይህን አቁም» እስኪላቸው ድረስ። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የሚሰጠው ብግነት ማብረጃ የስቴሮይድ ጠብታ አንዳንድ ሰው ላይ ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ ግፊቱን ይሰቅላል፤ ሕመም ስለሌለው ሳይለካ አይታወቅም። ብዙ ቤተሰብ «ስቴንቱ አልሠራም» የሚለው በዚህ ሰዓት ነው፣ ግፊቱ ግን ብዙ ጊዜ ስቴሮይዱ ሲቆም ይወርዳል። የሳምንቱና የወሩ ቀጠሮ አይዝለል።

አገር ቤት ያሉ ወላጆችን የጠየቃችሁም አላችሁ። እነዚህ ስቴንቶች ውድ ናቸው፤ ነገር ግን ማዕዘኑን በመክፈት ብቻ ተመሳሳይ ሥራ የሚሠሩ ዘዴዎች አሉ። አንዱ ጫፉ በታጠፈ ባለ 25 ጌጅ መርፌ ወንፊቱን መቅደድ ነው። ሌላው ጫፉ በሙቀት የደነዘዘ ፕሮሊን የሚባል የስፌት ክር ቦዩን ዙሪያውን አዙሮ በመሳብ መክፈት ነው። ዕቃው ርካሽ ነው፣ ውድ የሚሆነው የሐኪሙ ልምድ ነው። ሱዶኤክስፎሊዬሽን ላይ ጥሩ ይሠራሉ፣ ደም ግን ከስቴንት ይልቅ ይበዛል።

ሁለተኛውን ዓይን በተመለከተ ሐኪሙ ካልቸኮለ የመጀመሪያው አንድ ወር ቢሞላው ደስ ይለኛል። በዚያ ጊዜ ስቴሮይዱ ግፊታቸውን የሚሰቅል መሆን አለመሆኑ ስለሚታወቅ፣ ለሁለተኛው ዓይን ቀለል ያለ ስቴሮይድ ወይም አጠር ያለ ጊዜ ማዘዝ ይቻላል።