ያበጠ የአኳሪየም መቆሚያ፦ ይደገፍ ወይስ ይፍረስ?

ጥያቄ፦ የምኖረው አዲስ አበባ፣ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ርዝመቱ 120፣ ወርዱ 45፣ ቁመቱ 50 ሴንቲሜትር የሆነ አኳሪየም አለኝ። መቆሚያውንም ክዳኑንም አናጢ በቺፕውድ ሠርቶልኛል። ዓመት ሳይሞላው የመቆሚያው ግርጌ አበጠ። ውሃው አሁን በአንድ በኩል 4 ሚሊሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ይታያል። ክዳኑም ጎብጦ ሻጋታ ይዟል። ሽብልቅ ባስገባበት ይበቃል ወይስ እንደ አዲስ ላሠራው?

መልስ፦ እንደ አዲስ ያሠሩት፣ ወንድሜ። ሽብልቁን ደግሞ አደራ እንዳይነኩት። ውሃ በሞላ አኳሪየም ሥር ሽብልቅ ሲመቱ የሚነሳው አንድ ጥግ ብቻ ነው። ሌሎቹ ባሉበት ይቀራሉ፣ መስታወቱ ይጠማዘዛል። መስታወት መጠምዘዝ አይችልም። ወይ ይሰነጠቃል፣ ወይ ሲሊኮኑ ይለቃል።

እንዲያውም 4 ሚሊሜትር ማዘንበሉ ብቻውን ያን ያህል አያስፈራኝም። አራቱም ጥግ እኩል ተያይዘው ካዘነበሉ መስታወቱ ይችለዋል። የሚያስፈራኝ እብጠቱ ነው። ቺፕውድ የእንጨት ፍቅፋቂ በሙጫ ተጨምቆ የሚሠራ ነው። ፊቱ ቢለበጥም በተቆረጠው ጠርዝ በኩል ውሃ ይጠጣል። አንዴ ካበጠ ቢደርቅም ወደነበረበት አይመለስም፣ ብሎንም አይዝም። አንዱ እግር ከሌላው በተለየ ማበጡን ይቀጥላል ማለት ነው።

ክብደቱን እንየው። አኳሪየምዎ እስከ አፉ 270 ሊትር ይይዛል። ትንሽ ጎደል ቢያደርጉት ውሃው 250 ኪሎ ነው። መስታወቱ 10 ሚሊሜትር ከሆነ ወደ 55 ኪሎ ይጠጋል። ጠጠርና ድንጋዩን 40 ኪሎ ይበሉ። መቆሚያውን ሳንቆጥር 350 ኪሎ ገደማ ደረስን። ይህ ጭነት ደግሞ ቀንም ሌሊትም አይነሳም።

ስለዚህ ለእርስዎ የምመክረው የብረት መቆሚያ ነው። 40 በ40፣ ውፍረቱ 2 ሚሊሜትር የሆነ ቱቦላሬ ይበቃል። ግን አራት እግር ብቻ እንዳያደርጉት። በ120 ሴንቲሜትር ርዝመት ላይ ያለ መሃል እግር የሚያርፍ ቱቦላሬ ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር ሊጎብጥ ይችላል። ከፊትና ከኋላ መሃል ላይ አንድ አንድ እግር ይጨመር፣ ስድስት ይሁን። የላይኛው ፍሬም በእግሮቹ አናት ላይ ይቀመጥ እንጂ በእግሮቹ ጎን አይበየድ። ያኔ ክብደቱ ቀጥ ብሎ ወደ ወለል ይወርዳል፣ ብየዳው ተሸካሚ አይሆንም።

በያጁን አንድ ነገር አጥብቀው ይጠይቁት። ሁሉንም ማዕዘን መጀመሪያ በነጥብ በነጥብ ያዝ ያድርገው። ከዚያ ከጥግ ወደ ጥግ ሰያፉን ይለካ። ሁለቱ ሰያፎች እኩል ሲሆኑ ብቻ ይበይድ። ብየዳ ሲቀዘቅዝ ብረቱን ይስባል፣ ፍሬም የሚጠማዘዘውም እዚያ ላይ ነው። ሥራውን ሲረከቡ ሁለት ክር ይዘው ይሂዱ። ክሮቹን ከጥግ ወደ ጥግ በሰያፍ፣ አንዱ በሌላው ላይ እንዲያልፍ ይወጥሯቸው። መሃል ላይ ከተነካኩ ፍሬሙ ጠፍጣፋ ነው። በመካከላቸው ክፍተት ካለ ወይም አንዱ ሌላውን ከተጫነው ተጠማዟል፣ አይረከቡት። ውሃ ልክ ብቻውን ይህንን አያሳይዎትም።

ከእያንዳንዱ እግር ሥር ዳዶ ተበይዶ ብሎን ይግባበት። የኮንዶሚኒየም ወለል እምብዛም ልክ አይሆንም፣ የሚያስተካክሉት በዚህ ነው። ብሎኑ ሴራሚኩን እንዳይሰብር ከሥሩ ቁራጭ ላሜራ ያድርጉ። ከዚያ አንቲረስት ይቀባ። በፍሬሙ ላይ 18 ሚሊሜትር ፕላይውድ ያንጥፉ፣ ጠርዙ ሳይቀር ቫርኒሽ ይጠጣ። የመስታወቱ ወለል በቀጥታ ፕላይውዱ ላይ የሚያርፍ ከሆነ በመካከላቸው ጠንከር ያለ ስስ ምንጣፍ ያስገቡ፣ የስፖርት ምንጣፍ ዓይነት። የፍራሽ ስፖንጅ አይሆንም። አኳሪየሙ ዙሪያውን የፕላስቲክ ፍሬም ካለውና መስታወቱ ከፍ ብሎ የተንጠለጠለ ከሆነ ግን ምንም አያንጥፉ። ምንጣፉ የታችኛውን መስታወት ወደ ላይ ይገፋዋል።

ቦታውን በተመለከተ፣ ከሳሎኑ መሃል ይልቅ ግድግዳውን ታኮ፣ ኮለን አጠገብ ይሁን። መጽሐፍ የሞላ ቁምሳጥን ከጎኑ አያቁሙ። ወደፊት ከዚህ የሚበልጥ ካማረዎት መጀመሪያ መሐንዲስ ያማክሩ።

አሁን ወደ ክዳኑ። ብዙ ሰው ክዳንን ለውበት ብቻ ያስበዋል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። በዚህ የተነሳ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል። ሙቀት ማሞቂያ ያለበት ውሃ ደግሞ ይብሱን ያንሰዋል። ዓሣዎ ገና ከመነሻው አየር ያጠረው ነው። ግጥም ያለ ክዳን ሲደረብበት የውሃው ፊት መተንፈሻ ያጣል፣ እንፋሎቱም መውጫ አጥቶ እንጨቱ ውስጥ ይገባል። ክዳንዎን ያጎበጠውና ያሻገተው ይኸው እንፋሎት ነው።

በ12 ሚሊሜትር ፕላይውድ ያሠሩት። የኋላው ፊት ከላይ በኩል ከዳር እስከ ዳር 5 ሴንቲሜትር ክፍት ይሁን፣ ጎንና ጎኑ ላይም ቀዳዳ ይኑረው። ውስጡን ሦስት እጅ ፖሊዩሪቴን ቫርኒሽ ይቀቡ። የተቆረጠው ጠርዝ አራተኛ እጅ ቢጨመርለት አይበዛበትም። ማጠፊያው ነሐስ ወይም የማይዝግ ብረት ይሁን። ሽታው ፈጽሞ እስኪጠፋ ድረስ አኳሪየሙ ላይ አያስቀምጡት። የኤልኢዲ መብራቱ ከውሃው 15 ሴንቲሜትር ያህል ከፍ ይበል። የሶኬት ገመዶች ሁሉ ከሶኬቱ በታች ወርደው፣ ሆድ ሠርተው ወደ ላይ ይመለሱ። በገመዱ የሚንጠባጠብ ውሃ ሆዱ ላይ ይወድቃል እንጂ ሶኬቱ ውስጥ አይገባም። ዲቫይደሩን ወለል ላይ አይጣሉት፣ ከመቆሚያው ውስጥ ጎን ላይ ከፍ አድርገው ይምቱት።

የቀረው ማዛወሩ ነው። ዓሦቹን በራሳቸው ውሃ በባልዲ ያቆዩ፣ አየር ሰጪውንም አብረው ያስገቡ። የፊልትሩን ስፖንጅ በዚያው ውሃ ውስጥ ያኑሩት። በቧንቧ ውሃ አይጠቡት፣ ክሎሪኑ ጠቃሚዎቹን ባክቴሪያዎች ይገድላል። ጠጠሩን ሳያወጡ ገንዳውን አያንሱ። አዲሱ መቆሚያ ላይ ሲያስቀምጡት ሲሶውን ይሙሉና ውሃ ልኩን ያስቀምጡ። ልዩነት ካለ ብሎን ከማዞርዎ በፊት ውሃውን ያውጡ። ልክ ከሆነ ሁለት ሦስተኛ ድረስ ሞልተው እንደገና ይለኩ፣ ከዚያ ይጨርሱት። መብራት በጠፋ ቁጥር ደግሞ መጀመሪያ ክዳኑን ክፍት ያድርጉት።