መልስ፦ የጉድጓድ ውሃ ሲፈላ ፍሎራይዱ ይጠፋል ወይ?

እህቴ፣ «አዳማ ዳር ነው የምንኖረው፣ የጉድጓዱን ውሃ አፍልቼ ብሰጣቸው የልጆቼ ጥርስ ከመበለዝ ይድናል?» ብለሽ ጠይቀሻል። አይድንም። ማፍላት የሚገድለው ጀርም ነው። ጥርስ የሚያበልዘው ፍሎራይድ ግን ከስምጥ ሸለቆው አለት ሟሙቶ የገባ ማዕድን ስለሆነ ውሃው ሲተን እሱ ድስቱ ውስጥ ይቀራል፣ ብዙ ባፈላሽው ቁጥር እንዲያውም ይበልጥ ይጠራቀማል። እኔ ወንጂ ነው ያደግኩት፣ ጥርሴ ምስክር ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። በእኛ አካባቢ ብዙ ጉድጓድ ከዚህ ያልፋል። ከአዋሽ ተጣርቶ የሚመጣው የቧንቧ ውሃ ይሻላል፣ ሲመጣ ማለቴ ነው።

የአጥንት ከሰል ማጣሪያ በደንብ ይሠራል። አጥንት ውስጥ ያለው የካልሲየም ፎስፌት ፍሎራይዱን ይይዘዋል፣ ልክ ጥርሳችን እንደሚይዘው ማለት ነው። ችግሩ ከሰሉ ይጠግባል፤ በጊዜ ካልተቀየረ ውሃው እንደገባ ይወጣል። ቤት ውስጥ አጥንት ላቃጥል እንዳትዪ ደግሞ፣ በደንብ ካልከሰለ ውሃው ይሸታል።

ሌላው ካልሲየም ነው። ሆድ ውስጥ ፍሎራይድን ስለሚይዘው ወደ ደም የሚገባው ይቀንሳል። የሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የእንቁላል ቅርፊት ዱቄትን ለዚሁ ሞክረውታል። አንቺ ግን ከወተት ጀምሪ።

የበለዘው ጥርስ አይመለስም። ቋሚ ጥርስ ድድ ውስጥ የሚሠራው እስከ 8 ዓመት ገደማ ስለሆነ ለትንሹ ልጅሽ ፍጠኚ፣ ውሃውንም አስመርምሪው።