«ሉክ ፎርዋርድ ቱ ሂር» ነው ወይስ «ሂሪንግ»?

ጥያቄ፦ ሰላም መምህር፣ የስራ ማመልከቻ በኢሜይል በምልክበት ጊዜ መጨረሻው ላይ መልሳችሁን በጉጉት እጠብቃለሁ ለማለት «አይ ሉክ ፎርዋርድ ቱ ሂር ፍሮም ዩ» እያልኩ ነበር የምዘጋው፣ ጓደኛዬ «ሂሪንግ» ነው የሚባለው አለችኝ። ከ«ቱ» በኋላ እንዴት አይኤንጂ ይመጣል? በአማርኛ ስጽፍስ ምን ልበል?

መልስ፦ ሰላም እህቴ፣ ጓደኛሽ ልክ ናት። ከ«ቱ» በኋላ ቨርብ ዋን (ምንም ያልተጨመረበት ግስ) ይመጣል ተብለን የተማርነው ለ«ዎንት ቱ» እና ለ«ሆፕ ቱ» ይሰራል፣ እዚህ ያለው «ቱ» ግን መስተዋድድ ነው፣ እንደ «ኢን» እና «ኦፍ» ማለት ነው፣ መስተዋድድ ደግሞ ከኋላው ስም ይፈልጋል፣ ስለዚህ ግስ ስናመጣ አይኤንጂ ጨምረን ስም እናደርገዋለን። ግራ ሲገባሽ ስም አስገብተሽ ሞክሪው፦ «ሉክ ፎርዋርድ ቱ ዩር ሪፕላይ» ያስኬዳል፣ «ዎንት ቱ ዩር ሪፕላይ» ግን በፍጹም አያስኬድም። «አም ዩዝድ ቱ» ላይም ይሄው ነው፣ «አይ አም ዩዝድ ቱ ዎርኪንግ አት ናይት» ማታ መስራት ለምጃለሁ ነው፣ «አይ ዩዝድ ቱ ዎርክ አት ናይት» ደግሞ ድሮ ማታ ማታ እሰራ ነበር፤ ይቺን ማመልከቻ ላይ ካምታታሻት ትርጉሙ ራሱ ይቀየራል፣ በጣም ተጠንቀቂ።

ብዙዎቻችን እዚህ ጋ የምንሳሳተው አማርኛችን ሁለቱን ስለማይለያቸው ይመስለኛል። «መስማት» ራሱ ስም ነው፣ «መስማቴን» «ለመስማት» «ከመስማት» እያልን እንደማንኛውም ስም እናረባዋለን፣ እና ያው አንዱ ቃል «ቱ ሂር»ንም «ሂሪንግ»ንም ይሸፍናል።

በነገራችን ላይ «አይ አም ሉኪንግ ፎርዋርድ» ካልሽ ቀለል ያለ ነው፣ ለጓደኛ ይሆናል፣ ለማመልከቻ «አይ ሉክ ፎርዋርድ» ይሻላል።

አማርኛው ላይ «ወደፊት እመለከታለሁ» እንዳትዪ፣ አንባቢው ስለ ወደፊት እቅድሽ የምታወሪ ነው የሚመስለው። የኛ ማመልከቻ የራሱ ጥሩ አዘጋግ አለው፣ «ለሚደረግልኝ ትብብር በቅድሚያ አመሰግናለሁ» ትይና «ከሰላምታ ጋር» ብለሽ ትፈርሚያለሽ፣ መልሱን መጠበቅሽን መግለጽ ከፈለግሽም «ምላሽዎን በአክብሮት እጠባበቃለሁ» በቂ ነው። ለቅርብ ሰው ከሆነ ደግሞ «እስክንገናኝ ቸኩያለሁ» በይ፣ «በጉጉት እየጠበቅኩሽ ነው» በይ፣ እንደ ሰውየው ቅርበት ምረጪ።