«ጓንት ትሰጣላችሁ?» ብለሽ አትጠይቂ

ጥያቄሽ ባጭሩ ይህ ነው፦ በኢንዱስትሪያል ኤሌክትሪክ ደረጃ 4 ጨርሰሽ ሲኦሲውንም (የብቃት ምዘናውን) አልፈሻል። አንድ የፕላስቲክ ፋብሪካ ለጥገና ኤሌክትሪሻንነት ቃለ መጠይቅ ጠርቶሻል። ስለ አደጋ መከላከያ ዕቃ ብታነሺ «ገና ሳትገባ ጭቅጭቅ ጀመረች» ብለው እንዳይተዉሽ ፈርተሻል፤ ካልሰጡሽ ደግሞ ከመርካቶ ጓንት ገዝተሽ ለመግባት አስበሻል።

መጠየቁን ጠይቂ፤ አጠያየቁን ግን ቀይሪው። «ጓንት ትሰጣላችሁ?» ሲባል «አዎ» የማይል ቀጣሪ የለም፣ ስለዚህ መልሱ ምንም አይነግርሽም። የምትጠይቂው ብሬከሩ (የመስመሩ ማጥፊያ) ላይ ስለሚደረገው ቁልፍ (ጓጉንቸር) ነው፦ «ማሽን ሲጠገን ብሬከሩ ይቆለፋል? ቁልፉስ ማን ኪስ ውስጥ ነው የሚቆየው?» ፊትሽ የተቀመጠው የጥገና ኃላፊ ሥራውን የሚያውቅ ከሆነ በዚህች ጥያቄ ብቻ ልምድ እንዳለሽ ይገምታል። «እኛ ጋ ሁሉም ጠንቃቃ ነው» ካለሽ ቁልፍ የለም ማለት ነው። «ትርፉ ቁልፍ ፎርማኑ ጋ አለ» ካለሽም ብዙ አትደሰቺ፤ ምርት ሲቸኩል ያ ትርፍ ቁልፍ አንቺ ሳታውቂ ብሬከሩን ይከፍተዋል።

ከጓንት በፊት ቁልፍ የምንልበት ምክንያት አለን። መብራት ሲጠፋ «እስኪመጣ ድረስ ይቺን እንጨርሳት» ተብሎ ፓኔል (የማብሪያና ማጥፊያ ሣጥኑ) ይከፈታል። መብራት ሲመለስ ደግሞ ማንንም አያስጠነቅቅም። ከእሱ ቀድሞ ጄኔሬተሩ ሊነሳ ይችላል፤ አውቶማቲክ ከሆነ በሰከንዶች ውስጥ መስመሩ ይሞላል። ብሬከሩ ወርዶ ካልተቆለፈ፣ መብራት የጠፋበት ፓኔል ለአንቺ ኮረንቲ እንዳለበት ፓኔል ነው።

ሁለተኛው ወጥመድ ቀዩ ስቶፕ በተን ነው። ስትጫኚው የሚቋረጠው የኮንታክተሩ (የሞተሩን መስመር የሚያገናኘውና የሚያቋርጠው ማግኔታዊ ማብሪያ) ኮይል ብቻ ነው፤ የላይኛው ተርሚናል 380 ቮልቱን ይዞ ይቀመጣል። ፕላስቲክ ፋብሪካ ላይ ደግሞ የኤክስትሩደሩ (ፕላስቲኩን አቅልጦ የሚገፋው ማሽን) ሂተሮች ብዙ ጊዜ ከሞተሩ የተለየ መስመር አላቸው፤ ሞተሩ ቆሟል ብላ ሂተር ሽቦ የምትነካ ልጅ እዚህ ላይ ትሳሳታለች። ድራይቭ (የሞተሩን ፍጥነት የሚቆጣጠረው ሣጥን) ካለም ውስጡ ያለው ካፓሲተር (ኮረንቲ የሚያከማቸው ክፍል) መስመሩ ከጠፋ በኋላ ቻርጅ ይዞ ይቆያል። ሽፋኑ ላይ የተጻፈውን የመጠበቂያ ደቂቃ ጠብቀሽ፣ ከዚያ ለክተሽ ነው እጅሽን የምታስገቢው።

ስለዚህ «እንዴት ነው የምትሠሪው?» ብለው መልሰው ቢጠይቁሽ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። ማሽኑን በኦፕሬተሩ በኩል አስቁሚ። የሚመግቡትን መስመሮች በሙሉ ከዲያግራሙ ላይ ለዪ። የእያንዳንዱን መስመር ዋና ማጥፊያ አውርጂና የራስሽን ቁልፍ አድርጊበት፤ ስምሽን፣ ቀኑንና የምትሠሪውን የሚገልጽ ካርድ አንጠልጥይበት። ሁለት ሰው ከሠራ ሁለት ቁልፍ ይገባል። ከዚያ መልቲሜትርሽን ኮረንቲ ያለበት መስመር ላይ ሞክሪው፣ የምትሠሪበትን ለኪ፣ ተመልሰሽ ያንኑ ኮረንቲ ያለበትን መስመር ለኪ። መካከለኛው ልኬት ዜሮ ያለው መስመሩ ስለጠፋ ይሁን ሜትሩ ስለሞተ የምታውቂው በዚህ ብቻ ነው። በሦስት ፌዝ (ኮረንቲ አምጪ ሽቦ) ላይ ልኬቱ 10 ነው፦ ፌዝ ከፌዝ 3፣ ፌዝ ከኒውትራል (መመለሻው ሽቦ) 3፣ ፌዝ ከኧርዝ (የመሬት ሽቦ) 3፣ ኒውትራል ከኧርዝ 1። እስክሪብቶ መሳይዋ ቴስተር ለፍለጋ ትሆናለች፣ ለማረጋገጫ ግን አትበቃም።

መልቲሜትርን ካነሳን፦ አምፔር ስትለኪ ቆይተሽ ቀዩን ሽቦ ከአምፔር ቀዳዳው ሳታወጪ ቮልት ልትለኪ ብትሄጂ በሜትሩ በኩል ሾርት ፈጠርሽ ማለት ነው፤ እጅሽ ላይ ሊፈነዳ ይችላል። ለፋብሪካ ፓኔል ሜትሩ ቢያንስ ካት 3 (CAT III፣ የሜትሩ የደህንነት ደረጃ) 600 ቮልት የተጻፈበት ይሁን።

ብሬከሩ ያድነኛል የምትዪም ከሆነ ሒሳቡን ተመልከቺ። በላብ የራሰ ሰውነት ሬዚስታንሱ 1000 ኦም ያህል ቢሆን፣ 220 ቮልት 220 ሚሊአምፔር ያሳልፍበታል። ከ10 ሚሊአምፔር አካባቢ ጀምሮ ጡንቻ ተኮማትሮ እጅ የጨበጠውን መልቀቅ ያቅተዋል፤ ሰው «ኮረንቲ ያዘው» የሚለው ያለ ነገር አይደለም። 16 አምፔሩ ብሬከር ይህን ፈጽሞ አያየውም፣ የተተከለው ሽቦው እንዳይቃጠል ነውና። ለሰው የተሠራው፣ ወደ ኧርዝ የሚያፈስ ኮረንቲ ሲያገኝ መስመሩን የሚቆርጠው 30 ሚሊአምፔሩ አርሲዲ ነው። እሱም ቢሆን በሁለት እጅሽ ሁለት ፌዝ ብትይዢ ወደ ኧርዝ የሚያፈስ ነገር ስለሌለ ዝም ብሎ ያይሻል።

አሁን ወደ ጓንቱ። ገበያ ላይ ወፍራም የጎማ ጓንት ሞልቷል፤ አብዛኛው ለኬሚካልና ለእጥበት ነው። የኤሌክትሪኩ ጓንት አንጓው ላይ ክላሱ ታትሞበታል። ክላስ 00 እስከ 500 ቮልት፣ ክላስ 0 እስከ 1000 ቮልት ነው፤ ለ380 ቮልት ሥራ ክላስ 0 ጠይቂ። ፋብሪካው የራሱ ትራንስፎርመር ካለው በ15 ኪሎቮልቱ በኩል ያለው ክፍል ሌላ ዓለም ነው፤ በዚያ በኩል ክላስ 2 ያስፈልጋል፣ አዲስ ተቀጣሪም ጨርሶ አይገባበትም። በጎማው ላይ የቆዳ ጓንት ይደረባል፤ ያለ ቆዳው አንዲት የሽቦ ጫፍ ጎማውን በስታ ዋጋ ታሳጣዋለች።

በለበስሽው ቁጥር ትፈትሺዋለሽ። አፉን ዘርግተሽ አየር አስገቢና ከአፉ ጀምረሽ ወደ ጣቶቹ ጠቅልይው። መዳፉ እንደ ፊኛ ሲነፋ ጨመቅ አድርገሽ ጉንጭሽ አጠገብ ያዢው፤ ሲስ የሚል ድምፅ ወይም ቀዝቃዛ አየር ከተሰማሽ አልቆለታል። በጣቶቹ መሐል ያለውን ስንጥቅም እዪ፣ መጀመሪያ የሚፈነዳው እዚያ ነው። ግሪስና ፀሐይ ጎማን ይበላሉ፤ ከፒንሳና ከካቻቢቴ ጋር አንድ ሳጥን ውስጥ ማጎርም እንዲሁ። አገልግሎት ላይ ያለ ጓንት በየ6 ወሩ በቮልቴጅ ይፈተሻል። ስለዚህ ሁለተኛ ጥያቄሽ «ጓንቶቹ መጨረሻ የተፈተሹት መቼ ነው?» ይሁን። ያልተፈተሸ ጓንት ሐሰተኛ ድፍረት ስለሚሰጥ ከባዶ እጅ የከፋ ነው ብንል አላጋነንም።

የሕጉ ነገር፦ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 92 አሠሪው የመከላከያ መሣሪያና ልብስ እንዲሰጥ፣ አጠቃቀሙንም እንዲያስተምር ያዝዛል። የተሰጠሽን መጠቀም ደግሞ የአንቺ ግዴታ ነው። የዕቃው ዋጋ ከደመወዝሽ ይቆረጥ የሚል ወረቀት ቢያቀርቡልሽ አትፈርሚ። በሌላ በኩል የሙከራ ጊዜ እስከ 60 የሥራ ቀን ሊሆን እንደሚችል፣ በዚያ ውስጥም ያለ ማስጠንቀቂያ ሊያሰናብቱሽ እንደሚችሉ እወቂ። እውነቱን ለመናገር፣ ጥያቄው ከመፈረምሽ በፊት የሚሻለው ለዚህም ነው። ከገባሽ በኋላ የጎደለውን ለፎርማኑ በቃል ብቻ አትንገሪ፤ ቀን ጽፈሽ፣ አስፈርመሽ፣ ኮፒውን ያዢ።

በራስሽ ገንዘብ መግዛት ካማረሽ ጓንቱን ተዪና አንድ ቁልፍ ግዢ፤ ለሌላ ሰው የማይከፈት፣ ስምሽ የተጻፈበት። ቀጥሎ 1000 ቮልትና የተደራረበ የሁለት ትሪያንግል ምልክት ያለበት ካቻቢቴና ፒንሳ። እጀታው ላይ ፕላስተር የተጠቀለለበት ፒንሳ ኢንሱሌትድ አይባልም። ቱታው ጥጥ ይሁን፣ ብልጭታ ሲነሳ ፖሊስተር ቀልጦ ቆዳ ላይ ይጣበቃል። ቀለበትና ሰዓት ቤት ይቅሩ።

አንድ ነገር ደግሞ በተለይ ለአንቺ። በብዙ ስቶር ውስጥ ያለው ጓንት መጠኑ 10 ወይም 11 ነው፤ ትንሽ እጅ ላይ ሲዋኝ ብሎን ያስጥላል፣ ያኔ ሠራተኛው አውልቆት ይሠራል። መዳፍሽን ከአውራ ጣት በላይ ዙሪያውን በሜትር ለኪ፤ 20 ሴንቲሜትር ገደማ ከሆነ መጠንሽ 8 ነው። ቁጥሩን ይዘሽ ሂጂና የቅጥር ቅጹን በምትሞዪበት ቀን ለስቶር ኃላፊው አስመዝግቢ።