«ለዳኛው ነው» ስለተባለው 80 ሺህ ብር

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደግሜ አነበብኩት። የእናትሽ የመሬት ይዞታ ከባሕር ዳር ወጣ ብሎ ዘንዘልማ በኩል ነው። አዋሳኙ ድንበር ገፍቶ ገብቷል፣ ክርክሩም ፍርድ ቤት ደርሷል። አሁን አንድ ሰው መጥቶ «ዳኛው 80 ሺህ ብር ጠይቋል፣ ያኛው ወገን ቀድሟችኋል» ብሏችኋል። እንክፈል ወይስ ይቅር ነው ያልሽው።

አትክፈሉ። ይህን የምልሽ ሥነ ምግባር ልሰብክሽ ብዬ አይደለም። ባሕር ዳር ውስጥ ፍርድ ቤት በር ላይ ማመልከቻ ስጽፍ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ። እዚያ የሚውል ሰው ከችሎቱ ይልቅ ከአጥሩ ውጭ ያለውን ገበያ ያውቃል።

«ለዳኛው» ተብሎ የሚሰበሰብ ብር አብዛኛው ዳኛው ጋ አይደርስም። ዳኛው ብሩ መኖሩንም አይሰማም። አቀባባዩ ከናንተ 80 ሺህ ይቀበላል። ከባላጋራችሁም የቻለውን ያህል ይቀበላል። ከዚያ ቁጭ ብሎ ፍርዱን ይጠብቃል። ከሁለት አንዳችሁ መርታታችሁ አይቀርም። ለተረታው «አልሆነም፣ በለጡን» ብሎ ብሩን ይመልስለታል። የረታው ደግሞ ተሳካልኝ ብሎ ዝም ይላል። ሰውየው በሁለት ቢላ በልቶ፣ ተረቺው ራሱ «ብሬን እስከ ሳንቲሟ የመለሰ ታማኝ ሰው ነው» እያለ ሌላ ባለጉዳይ ያመጣለታል። ዳኛውም ሳያውቀው ስሙ በየጠላ ቤቱ ይነሳል።

«ግን እኮ የመዝገባችንን ነገር ሁሉ ያውቃል» ብለሻል። ያውቃላ! የቀጠሮ ዝርዝር ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል። የድንበር ክርክር ሂደትም የታወቀ ነው። ክስና መልስ ይቀርባል፣ ክርክር ይሰማል፣ ጭብጥ (የሚያከራክረው ነጥብ) ይያዛል፣ ከዚያ ምስክርና ባለሙያ ነው። «በሚቀጥለው ቀጠሮ ባለሙያ ይታዘዛል» ለማለት ከዳኛ ጋር ቡና መጠጣት አያስፈልግም። ከ2015 ማብቂያ ወዲህ ደግሞ በጸጥታው ምክንያት መንገድ ሲዘጋ ምስክር ይቀራል፣ ቀጠሮ ይለወጣል። ያንንም «እኔ ነኝ ያስለወጥኩት» ብሎ የሸጠ ሰው አይቻለሁ።

ታዲያ ጉቦ የሚበላ ዳኛ የለም ወይ ትይኝ ይሆናል። አለ። ከአንድ ጠበቃ ጋር ብቻ የሚግባባ፣ የዚያ ጠበቃ መዝገብ ሲሆን ቀጠሮ የሚያጥርለትም አለ። ቢሆንም በእንዲህ ያለ ሰው ፊት የናንተ 80 ሺህ ምንም ዋስትና የለውም። ሌላው 100 ሺህ ካመጣ ምን ልትሉ ነው? በምን አንደበትስ ትከሳላችሁ? በሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881/2007 የሚጠየቀው የተቀበለው ብቻ አይደለም። የሰጠውም ያቀባበለውም ይጠየቃል። የሌለውን ሥልጣን እንዳለው አስመስሎ ብር መቀበልም ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። ብሩን እናንተ የሰጣችሁበት ቀን አፋችሁ ተዘጋ ማለት ነው።

አሁን ዓይንሽን ወደ ሌላ ቦታ መልሺ። የመሬት ክርክር በብዛት የሚበላሸው ችሎት ላይ አይደለም። ዳኛው የእናትሽን ማሳ አይቶት አያውቅም። «ተለክቶ፣ በባሕር መዝገብ ላይ በማን ስም እንዳለ ተጣርቶ ይገለጽልን» ብሎ ለመሬት አስተዳደር ይጽፋል፤ ባሕር መዝገብ ማለት ባለይዞታዎች የተመዘገቡበት ዋናው መዝገብ ነው። አንድ ባለሙያ ወርዶ ይለካና የአንድ ገጽ መልስ ይልካል። ፍርዱ ያቺ ገጽ ላይ ናት።

ጉቦም ጥቅምም የሚሄደው ወደዚያች ገጽ ነው። ባለሙያው ደግሞ ዓይን ያወጣ ውሸት መጻፍ አይጠበቅበትም። «የተመዘገበው ስፋት መሬት ላይ ካለው ጋር አይጣጣምም» ብሎ ምክንያቱን መተው ይበቃዋል። አንደኛው ወገን በሌለበት ቀን ይለካል። ወይም በወንዝ የተጻፈውን ድንበር በመንገድ ይለውጠዋል። ወይም ስርዝ ድልዝ ያለበትን ዋናውን መዝገብ ትቶ ንጹሕ ፎቶ ኮፒ ያያይዛል። ከተማው ወደ ዘንዘልማ፣ ወደ ሰባታሚት፣ ወደ መሸንቲ በተጠጋ ቁጥር ይህ ብሷል። መሬቱ ለልማት ቢወሰድ ካሳ የሚከፈለው ባለይዞታ ለተባለው ነው፤ ስለዚህ ትናንት በሁለት ፈር ማን ይጣላ ነበር የተባለበት ድንበር ዛሬ ብር ሆኗል። ቀበሌው፣ ለኪው፣ አዋሳኙ ተመሳጥረው ሲሠሩ አንዱን ለይተሽ «ይሄ ነው» ለማለት ያስቸግራል። ሁሉም ትንሽ ትንሽ ነው የሚያጣምሙት።

ስለዚህ ልኬቱ የሚካሄድበት ቀን በጽሑፍ እንዲነገራችሁ ጠይቁ። በዕለቱ እናትሽ የይዞታ ደብተሯን ይዛ ትገኝ፣ በአራቱም አቅጣጫ ያሉ አዋሳኞችም ይምጡ። ባለሙያው የሚያስፈርመው ወረቀት ካለ ሳያነቡ አይፈርሙ። መልሱ ፍርድ ቤት ሲደርስ ግልባጩን ውሰዱና የተዛባውን ነጥብ በነጥብ በጽሑፍ ተቃወሙ። በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 136 መሠረት ሌላ ባለሙያ እንዲታዘዝ፣ በቁጥር 145 መሠረት ደግሞ ዋናው ባሕር መዝገብ ራሱ እንዲቀርብ ማመልከት ይቻላል። ለኪው ችሎት ቀርቦ እንዲጠየቅም አመልክቱ። ንጹሕ ሥራ የሠራ ሰው ይህ አያስጨንቀውም።

መዝገብ ቤቱንም አትርሺ። ነገሩ ትንሽ ይመስላል፤ ግን ሰው የሚሸነፍበት ሌላው ጓዳ እሱ ነው። ፍርድ ከተሰጠ ይግባኝ የሚባለው በ60 ቀን ውስጥ ነው። የውሳኔ ግልባጭ ስትጠይቂ «መዝገቡ አልተመለሰም»፣ «ታይፒስቷ የለችም»፣ «ሰኞ ነይ» እየተባለ ቀኑ ይበላል። «የሻይ» የሚሉት የሚጠየቀውም ያን ጊዜ ነው። ግልባጩን ፍርድ በተሰጠበት ቀን በማመልከቻ ጠይቂ፣ የማመልከቻሽን ቅጂ ቀንና ማኅተም አስደርጊበት። ቀኑ ካለፈ በቂ ምክንያት ማሳየት ይጠበቅብሻል፤ ያቺ ማኅተም ያን ጊዜ ትጠቅምሻለች። «ጠበቃዬ ዘነጋው» የሚል ምክንያት ሕጉ ራሱ አይቀበለውም።

አቤቱታ የት ይቅረብ ላልሽው፣ ሰው የሚሳሳተው ሁሉንም አንድ ላይ ጽፎ ለሁሉም ሲበትን ነው። ዳኛው ሕግ ተሳስቷል የምትሉ ከሆነ መንገዱ ይግባኝ ብቻ ነው። ዳኛው ከባላጋራው ወይም ከጠበቃው ጋር ዝምድና ካለው፣ እንዳወቃችሁ ወዲያው ከችሎት እንዲነሳ ማመልከት ነው። በወሬ ብቻ ግን እንዳታደርጉት፣ ማስረጃ ከሌለው መቀጮ ሊያመጣ ይችላል። የዳኛ ሥነ ምግባር ጉዳይ ለፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንትና ለዳኞች አስተዳደር ጉባኤ ይቀርባል። የመሬት ባለሙያው በደል ለኃላፊው፣ ካልሆነም ለዕንባ ጠባቂ ይሄዳል። ዕንባ ጠባቂ ግን ፍርድ ቤት የያዘውን ክርክር አይነካም፤ እዚያ ሄደው ባዶ እጃቸውን የተመለሱ ብዙ ናቸው።

ብር የጠየቃችሁን ሰው በተመለከተ ደግሞ ጥቆማው ለክልሉ ሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ኮሚሽን ወይም ለፖሊስ ነው። መጠቆም ያለበት ብር ከመስጠታችሁ በፊት ነው። እጅ ከፍንጅ የሚያዘው ያን ጊዜ ነው፤ የብሩ ቁጥር ቀድሞ ተመዝግቦ ርክክቡ በፖሊስ ክትትል ይካሄዳል። ራሳችሁ መርማሪ ሆናችሁ ወጥመድ አታጥምዱ። ሰውየው ደውሎ ከነበረ የደወለበትን ቀንና ሰዓት ጻፉ፣ መልእክት ልኮ ከሆነ አታጥፉት። ለጠቋሚዎችና ለምስክሮች ጥበቃ የወጣ አዋጅም አለ፣ ቁጥር 699/2003። አፈጻጸሙ ላይ ብዙ አልተማመንም፤ ስለዚህ ለጎረቤት ሳታወሩ ሂዱ።

እናትሽ «በጎቹን ሸጠን እንስጥ» ማለቷ አይገርመኝም። ሰፈሩ ሁሉ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» እያለ ነው ያሳደጋት። በጎቹን ከሸጠችም ገንዘቡ የመሬት ክርክር የሚያውቅ ጠበቃ ለአንድ ቀን ለማማከር ይዋል፤ ማመልከቻውን እሱ ያየዋል።

ለሰውየው «ገንዘብ የለንም» ብቻ በሉት። አትሟገቱት፣ አታስፈራሩት። ባለሙያው ለክቶ ከሆነ የመልሱን ግልባጭ የእናትሽን ስም ሸፍነሽ ላኪልኝ፤ ተቃውሞው የቱ ላይ መጻፍ እንዳለበት አሳይሻለሁ። ካልለካ ደግሞ ነገ ጠዋት ልኬቱ መቼ እንደሆነ ጠይቂ።