የአዲሷ መኪና ጠላት ደረቅ ጨርቅ ነው

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሰሚት ነው። ዘንድሮ በስንት መከራ የኤሌክትሪክ መኪና ገዛሁ፤ ውጭዋ ጥቁር፣ ውስጧ ክሬም። ከገዛኋት ወዲህ መካሪዬ በዛ። የሸጡልኝ ሰዎች «ሴራሚክ የሚባለውን ልባስ ካላስቀባሽ ፀሐይ ይጨርሳታል» ይሉኛል። ዱባይ ያለች እህቴ ደግሞ መላ አካሏን የቀለም መከላከያ ፊልም አልብሺያት ትላለች። ባለቤቴ የወንበሩን ላስቲክ እንዳትነኪው፣ ሁለት ዓመት ይቆይ ባይ ነው። የግቢያችን ጥበቃ ጠዋት ጠዋት ሳልወጣ ወልውለው ስለሚያቆዩኝ በጽዳት በኩል አልተቸገርኩም። ገንዘቤ የሚበቃው ለአንድ ነገር ነው። የቱን ላስቀድም?
ሰ.፣ ከሰሚት

መልስ፦ እንኳን ለዚህ አበቃሽ ልጄ። የጠየቅሽኝ ስለ ሴራሚክና ስለ ፊልም ነው፤ እኔን ያስደነገጠኝ ግን «አልተቸገርኩም» ብለሽ ጣል አድርገሽው ያለፍሽው የጥበቃው ውልወላ ነው።

ዛሬ ማታ ስትገቢ የስልክሽን መብራት አብሪና ወደ ኮፈኑ አስጠጊው። በብርሃኑ ዙሪያ የሸረሪት ድር የመሰለ ክብ ክብ ጭረት ከታየሽ የጨርቁ ሥራ ነው። ሌሊቱን መኪናሽ ላይ የሚያርፈው አቧራ ለስላሳ ይምሰል እንጂ ውስጡ ደቃቅ አሸዋ አለ፤ በየሰፈሩ ቁፋሮና ግንባታ ባለበት በዚህ ጊዜ ደግሞ የሲሚንቶ ብናኝ ይጨመርበታል። እሱን በደረቅ ጨርቅ መግፋት መኪናን በብርጭቆ ወረቀት መፈተግ ነው። ነጭ መኪና ጉዷን ትደብቃለች፤ ጥቁር ግን ምንም አትሸሽግም።

ዕድሜዬን የጨረስኩት የመኪና ቀለም ቅብ ቤት ስለሆነ አንድ ነገር ላሳይሽ። ላሜራው ላይ መጀመሪያ ዝገት የሚከላከለው አንቲሩጂኑ ይመጣል፣ ቀጥሎ ቀለሙ፣ ከሁሉ በላይ የሚያብለጨልጨው ክሊር። ሁሉም ተደራርበው ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ገደማ ናቸው፤ ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው። ክሊሩ ብቻውን ከ40 እስከ 50 ቢሆን ነው፤ ከራስሽ አንድ ፀጉር ብትነቅዪ ብዙውን ጊዜ ከእሱ ይወፍራል። ጭረት በፖሊሽ ጠፋ ሲሉሽ የጠፋው ጭረቱ ብቻ አይደለም፤ በዙሪያው ያለው ክሊርም ተፍቆ እስከ ጭረቱ ድረስ ወርዷል። ይህን ስንት ጊዜ ማድረግ እንደሚቻል አንቺው አስቢው።

ታዲያ ሽማግሌውን «አይንኩብኝ» ብለሽ እንዳታስቀይሚ። ለአንቺ አስበው ነው፤ ጉርሻም ይጠብቁ ይሆናል፣ ደግ አደረጉ። መስታወቱንና ስፖኪዮውን በእርጥብ ጨርቅ፣ ጎማውን ደግሞ በብሩሽ ስጫቸው። ቀለሙን ግን ውሃ ሳይነካው ማንም ጨርቅ አያሳርፍበት።

ላቫጆ ስትሄጂ አጣቢው እጅ ላይ ያለውን ስፖንጅ እዪ። ጎማና ቸርኬ የታሸበት ስፖንጅ ተመልሶ ኮፈን ላይ ሲወጣ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ባልዲው ውስጥ ያለው ውሃም ከጠዋት ጀምሮ ያው ነው። የራስሽን ሁለት የማይክሮፋይበር ጓንት ይዘሽ ሂጂ፣ አንዱ ለላይኛው፣ አንዱ ለታችኛው። ይስቁብሽ ይሆናል፤ ይሳቁ። የዱቄት ሳሙና አታስነኪያት። ለልብስ የተሠራ ነው፤ ቀለሙ ላይ የተቀባ ሰም ካለ ጠራርጎ ይወስደዋል፣ ያልሟሟው ደቃቁም ይፍቃል። ላርጎም እንዲሁ ሰም ያነሣል። የመኪና ሻምፖ አንድ ጠርሙስ ከገዛሽ ብዙ ወር ይዘልቅሻል። ናፍጣ ቀብተን እናብለጭልጭልሽ ካሉሽማ ቁልፍሽን ተቀብለሽ ውጪ።

ቤት ውስጥ ለማጠብ ውሃ በፈረቃ ነው ብለሽ እንዳትሰጊ። ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይበቃሻል። ለአትክልት መድኃኒት የሚረጩበትን በእጅ የሚነፋ ፓምፕ አዲሱን ገዝተሽ መጀመሪያ በእሱ ከጣራው ጀምሮ አርሺያትና አቧራው በራሱ ይውረድ። ከዚያ በሁለት ባልዲ፤ አንዱ የሳሙና፣ አንዱ ጓንቱ እየተነከረ አሸዋውን የሚለቅበት ንጹሕ ውሃ። ከላይ ወደ ታች፣ ጥላ ሥር፣ ኮፈኑ ሳይግል። ሳይደርቅባት በትልቅ ለስላሳ ፎጣ አንሺው።

የወፍ ኩስ ሲያርፍባት ውለሽ አትደሪ። አሲድነት አለው፤ እኩለ ቀን ላይ ላሜራው ሲግል ክሊሩ ይለሰልስና ምልክቱ ይቀረጽበታል። እርጥብ ሶፍት ለጥቂት ደቂቃ አልብሺውና ሲርስ አንሺው፤ እንዳታሺው። ከጥድ ሥር የምታቆሚ ከሆነም ሙጫው ከኩሱ አይሻልም።

አሁን ወደ ገንዘብሽ ልምጣ። ሻጮቹ ስለ ፀሐዩ አልዋሹም። ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነው ያለነው፤ አልትራቫዮሌት ጨረር ደግሞ በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ብርዱ ያታልለናል እንጂ የእኛ ፀሐይ ቀላል አይደለም። ቢሆንም ፋብሪካው የሚቀባው ክሊር ራሱ ጨረር የሚከላከል ነገር አለው። ሴራሚክ የሚሉት ከብርጭቆ ጋር ዘመድ የሆነ የሲሊካ ልባስ ነው፣ ውፍረቱም ከጥቂት ማይክሮን አያልፍም። ውሃ ያንከባልላል፣ ቆሻሻ በቀላሉ እንዲለቅ ያደርጋል፤ እዚህ ላይ ጥሩ ነው። ጠጠር አያቆምም፣ የጥበቃውን ጨርቅም አይችልም። መጀመሪያ ፖሊሽ ሳይደረግ የተቀባ እንደሆነ ደግሞ ያለውን ጭረት ከሥሩ አሽጎ ያስቀምጥልሻል። «አዲስ ነች፣ ምን ጭረት አላት» እንዳትዪ፤ ከጂቡቲ ወደብ ተነሥታ አንቺ እጅ እስክትገባ በየደረቅ ወደቡና በየመሸጫው ግቢ ስንት ሰው ወልውሏታል።

ፊልሙ ሌላ ነገር ነው። ከ150 እስከ 200 ማይክሮን የሚሆን ፖሊዩሬቴን የሚባል ፕላስቲክ ስለሆነ ጠጠር እውነትም ያቆማል፤ ጥሩው ዓይነት ትንንሽ ጭረት በሙቀት ይዘጋል። እህትሽ ያለችበት አገር አሸዋ በነፋስ የሚነዳበት፣ አስፋልቱ ላይ በከፍተኛ ፍጥነት የሚከነፍበት ነው፤ ብታለብስ አልፈርድባትም። አንቺ ከሰሚት ቦሌ ለምትመላለሺባት መኪና መላ አካሏን ማልበስ ግን ብክነት ነው። ክፍለ ሀገር የምታዘወትሪ ከሆነ የፊቱን ፓራውልት፣ የኮፈኑን ጠርዝና የበር መክፈቻውን ሥር ብቻ አልብሺ፤ ጥፍርና ቀለበት የሚጭረው እዚያ ነው። አለዚያ በዚህ ዓመት ከሻምፖና ከጓንት የተረፈሽን ጥሩ ፈሳሽ ሰም ግዢበት። አንዴ ግንቦት መጨረሻ ክረምቱ ሳይገባ፣ አንዴ መስከረም ላይ፣ በመሀል ደግሞ ውሃው መንከባለል ሲያቆም ትደግሚዋለሽ። ገንዘብ ተርፎሽ ሴራሚክ ካማረሽም ከርሞ ይደረሳል።

የባለቤትሽን ነገር ፈራ ተባ እያልኩ ነው የምመልሰው፤ ትዳር ውስጥ መግባት አልወድም። ላስቲኩ ግን ይነሣ። ክረምት ላይ እርጥብ ጃኬት ለብሰሽ ስትገቢ ውሃው ከላስቲኩ ሥር ይታፈንና ወንበሩ ይሻግታል። ከዚያም በላይ በብዙ አዳዲስ መኪኖች ኤርባግ ከወንበሩ ጎን ስለሚወጣ እዚያ ላይ የተጠመጠመ ነገር ይከለክለዋል። ዳሽቦርዱ ላይ ጸጉራም ምንጣፍ ማንጠፍም እንዲሁ ነው፤ ከጋቢና ለሚቀመጥ ሰው ኤርባጉ የሚፈነዳው ከእዚያው ነው። ኮፈኑና ጣራው ላይ ከመርከብ የመጣው ነጭ ላስቲክ ቀርቶም ከሆነ ነገ ሳትዪ ላጪው፤ ፀሐይ ሙጫውን ቀለሙ ላይ ካበሰለው ማስለቀቁ ሌላ ሥራ ነው።

ክሬሙ ወንበር አብዛኛውን ጊዜ እውነተኛ ቆዳ አይደለም፤ የቆዳ ቅባት አይጠጣም። ለብ ያለ ውሃ፣ ጠብታ ሳሙና፣ ለስላሳ ጨርቅ፣ አለቀ። የሚያስቸግርሽ የአዲስ ጂንስ ቀለም ነው፤ ሰማያዊው እንደታየ አጽጂው፣ ከከረመ አይለቅም። ዳሽቦርድ የሚያብረቀርቀውን ቅባት ተዪው። አቧራ ይሰበስባል፣ ፀሐይ ሲመታው ደግሞ ፓራብሬዛው ላይ እያንጸባረቀ ያሳውርሻል። የመሀሉን ስክሪን በአልኮል አትጥረጊ።

ጥያቄ፦ ከአሰላ የመጣ ለጋ ቅቤ የኋላ ኮፈን ምንጣፍ ላይ ቀለጠብን። አሳጥበነዋል፣ ሽቶም ሰቅለናል፤ ፀሐይ ላይ ስትቆም ግን አያስገባም። ጡረተኛ ነኝ፣ ምንጣፍ መቀየር ይከብደኛል።
ከአዳማ

መልስ፦ ጋሼ፣ አይቀይሩትም። ያጠቡት ሰዎች በፍል ውሃ ካሹት ቅቤውን ወደ ሥር አውርደውታል፣ ሽታው ያለው ከምንጣፉ በታች ካለው ስፖንጅ ነው። ምንጣፉን ያስነሡት፤ ብዙዎቹ ላይ በክሊፕ ብቻ ነው የተያዘው። ፊቱም ጀርባውም ላይ ቤኪንግ ሶዳ በደንብ ይነስንሱበትና አሳድረው ያራግፉት። ቀጥሎ ለብ ባለ ውሃ ትንሽ ላርጎ (እዚህ ቦታ ላይ ተፈቅዷል) እየነኩ በንጹሕ ጨርቅ ይጫኑት፣ አያሹት። ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ እንዳይመልሱት። ሽቶውን ይጣሉት፤ ቅቤና ቫኒላ ሲቀላቀሉ ከሁለቱም ይከፋል።

ጥያቄ፦ አዲስ መኪናዬ በሩ ላይ በቁልፍ ተጫረ። ጋራዡ በሩን ሙሉውን እንቀባ አለኝ። ልስማማ?
ከባሕር ዳር

መልስ፦ አትቸኩል። በጥፍርህ ጭረቱን አቋርጠህ እለፍበት። ጥፍርህ ካልተያዘ ጭረቱ ክሊሩ ላይ ነው፣ በእጅ ፖሊሽ ይጠፋል። ከተያዘና ላሜራው ካልታየ በፋብሪካው የቀለም ኮድ የተበጠበጠ ቀለም በቀጭን ብሩሽ ይሞላል፤ ኮዱ ብዙ ጊዜ በሾፌሩ በር መቃን ላይ ተለጥፏል። ላሜራ ከታየ ዝገት ሳይጀምር ዛሬውኑ አንቲሩጂን አስነካው። ሙሉ በር ማስቀባት የመጨረሻው አማራጭ ይሁን፤ ፋብሪካ ቀለሙን በ140 ዲግሪ ገደማ ነው የሚጋግረው፣ ጎማና ፕላስቲክ የተገጠመላትን መኪና ግን ማንም ጋራዥ እንደዚያ አይጋግርም። ስትሸጣትም ገዢው የቀለም ውፍረት መለኪያ ይዞ ይመጣል።