ሰው ለሞላበት ቸርች ልጆች

ሰሞኑን አንድ ወጣት «ጋሼ፣ ቸርቻችን ጢም ብሎ ይሞላል፤ እኔን ግን አንድ ሰው በስሜ አያውቀኝም። ልቀይር?» አለኝ። ከመመለሴ በፊት እማማ ትዝ አሉኝ።

ዘመኑ የደርግ ነበር። የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በ1974 ዓ.ም. ተዘግታ መሪዎቿ ታስረዋል። እኛም በየቤቱ ተበታትነን እንጸልይ ነበር፤ የኛ ቡድን እማማ ቤት። አንድ በአንድ እንገባለን። ጫማ በር ላይ አይተውም፤ አልጋ ሥር ይገባል። ቡና ይፈላል፣ ፈንዲሻ ይቀርባል፤ የቀበሌ ሰው ቢመጣ ቡና ልንጠጣ ነው የመጣነው። መዝሙሩ በሹክሹክታ ነው። አንድ ሰው ከቀረ እማማ እንቅልፍ የላቸውም፤ ወይ ታሟል ወይ ታስሯል። በማግስቱ ነጠላቸውን አጣፍተው ቤቱ ድረስ ይሄዳሉ።

በ1983 ደርግ ወደቀ። አዳራሹ ተከፈተ፣ መዝሙሩ በማይክራፎን ሆነ። ደስታችን ወሰን አልነበረውም። የቤት ኅብረቱ ግን «አሁን ምን ያደርጋል?» ተብሎ ቀረ። እማማ ጉልበታቸውን ታመው ቤት ዋሉ። ለወራት ማንም አልጠየቃቸውም፤ መታመማቸውን የሰማነው ከጎረቤት ነው። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ቁጥሩማ ጨመረ። በ1987ቱ ቆጠራ ፕሮቴስታንቱ ከሕዝቡ 10 በመቶ ገደማ ነበር፤ በ1999ኙ ከ18 በመቶ አለፈ። ጣሊያን በ1929 ሚሲዮናውያኑን ከወላይታ ሲያስወጣ የተጠመቁት 50 አይሞሉም ነበር፤ ሲመለሱ ግን ወደ 10,000 የሚጠጋ አማኝ ጠበቃቸው። ያኔ ምን መድረክ ነበር?

የዛሬ ልጆች ቸርች የምትመርጡት ኳየሩንና ስክሪኑን አይታችሁ ነው። እኔም ብሆን ስታዲየም ሙሉ ሰው ሲዘምር እንባዬ ይመጣል፤ ትልቅነቱን አልጠላም። የሴኡሏ ዮይዶ ሙሉ ወንጌል በ1958 እ.ኤ.አ. በድንኳን ተጀምራ በዓለም ትልቋ ለመባል የበቃችው በየሰፈሩ ባሉ የቤት ኅብረቶች ነው፤ አብዛኞቹን የሚመሩት ሴቶች ነበሩ። መሥራቿ ቾ ዮንጊ ግን በ2014 እ.ኤ.አ. በቤተ ክርስቲያኗ ገንዘብ ጉዳይ ጥፋተኛ ተባሉ። ዕድሜዬን ሙሉ ኦዲተር ሆኜ ስለሠራሁ ይህን ማለፍ አልችልም።

ስለዚህ ልጄ፣ አትቀይር። ሰፈርህ የቤት ኅብረት ካለ ግባ። ከሌለ መጋቢህን አስፈቅደህ ጀምር። የቀረ ሰው ካለ ያንኑ ቀን ደውልለት፤ ቴክስት አይበቃም። መጋቢህንም የኦዲት ሪፖርቱ ለምዕመኑ መቼ እንደሚነበብ በአክብሮት ጠይቅ። በጥያቄው ከተቆጡ ግን ስለመቀየሩ ተመልሰን እንነጋገራለን።